ለተቀባዩ የተሰናዳ ቅጂ፦ የኤችዲ ቪዲዮ ርክክብ አጭር ታሪክ



 የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለታሪክ ጥናት የሚበቃ ላይመስል ይችላል። አንድ የቪዲዮ ባለሙያ ሥራውን ቀርጾ፣ ቆርጦና አቀናብሮ ከጨረሰ በኋላ ለደንበኛው የሚያስረክበውን ፋይል ስለሚያወጣበት፣ በሙያው አነጋገር «ኤክስፖርት» ስለሚባለው የመጨረሻ ደረጃ ነው የምናገረው። በኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ውስጥ ይህ ደረጃ አንድ ትንሽ መስኮት ነው። ባለሙያው ከረጅም ዝርዝር ውስጥ አንዱን ይመርጣል፤ ኮምፒዩተሩ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ይሠራል፤ በመጨረሻም አንድ ፋይል ይወጣል።

ያ ዝርዝር ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በውስጡ ባለው በእያንዳንዱ ስም ላይ የድርጅቶች ፉክክር፣ የመሐንዲሶች ስምምነት፣ የፓተንት ክርክር ወይም የአንድ አሮጌ መሣሪያ ገደብ አሻራውን ትቷል። አንድን የብራና መጽሐፍ የሚመረምር ታሪክ ጸሐፊ ስለ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ብራናው፣ ስለ ቀለሙና ስለ ጥራዙም ይጠይቃል። የእኛን ዘመን የሚያጠና ሰውም እንዲሁ ቪዲዮው ስለ ተቀመጠበት ፋይል ዓይነት መጠየቅ ይኖርበታል።

የንግግሬን ፍሬ ሐሳብ አስቀድሜ ላስቀምጥ። የርክክብ ፎርማትን በታሪክ ውስጥ ሲወስን የኖረው የሠሪው ምርጫ ሳይሆን በተቀባዩ እጅ ያለው መሣሪያ ነው። ይህ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ የማይከፈት ሥራ አልተረከበም። ጥፋቱ የሚጀምረው ለተቀባዩ የተሰናዳውን ቅጂ እንደ ሥራው ራሱ ቆጥረን ሌላውን ስናጠፋ ነው። ይህን በጥቂት ምዕራፎች ለማሳየት እሞክራለሁ። ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ፦ ካሴቱና የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ

የቪዲዮ ቀረጻ ለገበያ የበቃው በሚያዝያ 1956 ነው። አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቺካጎ በተደረገ የብሮድካስተሮች ጉባኤ ላይ 2 ኢንች ስፋት ባለው መግነጢሳዊ ቴፕ ላይ ምስል የሚቀርጽ መሣሪያ አሳየ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሲቢኤስ የዜና ስርጭቱን በዚሁ መሣሪያ ቀርጾ አስተላለፈ። መሣሪያው የጣቢያ እንጂ የቤት ዕቃ አልነበረም፤ ሰጪውም ተቀባዩም የጣቢያ መሐንዲሶች ስለነበሩ የርክክብ ጥያቄ እንደ ችግር አልተነሣም። ጥያቄው የመጣው ቪዲዮ ወደ ቤት ሲገባ ነው። ቤታማክስ በ1975፣ ቪኤችኤስ ደግሞ በ1976 በጃፓን ለገበያ ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ቀራጭ «ደንበኛዬ ቤት ያለው የትኛው ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ማስረከብ አልቻለም።

ካሴቱ ቢመሳሰልም በውስጡ ያለው ምልክት ይለያይ ነበር። አሜሪካና ጃፓን ኤንቲኤስሲ የተባለውን ሥርዓት ሲከተሉ፣ የምዕራብ አውሮፓ ብዙው ክፍል ፓል የተባለውን፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ሴካም የተባለውን ያዙ። ኤንቲኤስሲ 525 መስመሮችና በሰከንድ ወደ 30 የሚጠጉ፣ በትክክል 29.97፣ ነጠላ ምስሎች ወይም ፍሬሞች አሉት። ፓል 625 መስመሮችና 25 ፍሬሞች አሉት። የልዩነቱ ሥር የኤሌክትሪክ መስመር ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የአውሮፓው 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን መሐንዲሶችም ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ የፍሬሙን ፍጥነት ከኤሌክትሪኩ ጋር አስማሙት።

ይህ ነገር እኛንም በቀጥታ ነክቶናል። በ1957 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ625 መስመር ሥርዓት ነው የተተከለው፤ ቀለም ሲመጣም ፓልን ተከተለ። ስለዚህ ወገኖቻችን በብዛት ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ አንድ የሠርግ ወይም የልቅሶ ካሴት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲላክ ሁለት የኤሌክትሪክ ሥርዓቶችን መሻገር ነበረበት። ከአዲስ አበባ የተላከው የፓል ካሴት በተለመደው የአሜሪካ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ካሴቱ ይዞራል፤ ምስሉ ግን ተንሸራቶ ወይም ተቆራርጦ ይታያል። ስለዚህ ካሴትን «ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ መለወጥ» ራሱን የቻለ የገንዘብ ምንጭ ሆነ። ላኪው ዘመዱን ያሳየው ቪዲዮ የተቀረጸው ሳይሆን የተለወጠው ነበር፤ መስመር ጎድሎ፣ ፍሬም ተባዝቶ፣ ቀለሙም ፈዝዞ። ለዚያ ቤተሰብ ግን ሊታይ የቻለው ብቸኛው ቅጂ እሱ ነው።

ሁለት፦ የማመቅ ጥበብና ከተቀባዩ ወገን የተጻፈው ሕግ

ወደ ዲጂታል ስንሻገር ችግሩ መልኩን ለወጠ። እስቲ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ሙሉ ኤችዲ የምንለው ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት፤ ይህም 2,073,600 ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ብንመድብ አንዱ ፍሬም 6,220,800 ባይት ይሆናል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን 155.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት ደግሞ 560 ጊጋባይት ያህል ይደርሳል። 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው የተለመደው ዲቪዲ በዚህ ስሌት የሚችለው 30 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ባለሙያ ለደንበኛው በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሆነ ፋይል ሲሰጥ፣ ያ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ስለሆነ፣ ከዚህ ጥሬ መጠን ወደ 155 ጊዜ ያነሰ ነው። በሌላ አነጋገር ደንበኛው እጅ የሚደርሰው ከ155 እጅ አንዱ ነው፤ ሆኖም ዓይኑ ጉድለቱን እምብዛም አያስተውልም።

ይህን ያስቻለው ምንድን ነው? መሠረቱ ናሲር አሕመድ፣ ናታራጃንና ራኦ በጥር 1974 ያሳተሙት አጭር የሒሳብ ጽሑፍ ነው። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሕመድ ሐሳቡን በ1972 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አቅርቦ የምርምር ገንዘብ አላገኘም፤ ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው ተብሎ ነበር። በመድረኩ ላሉት ወጣት ተመራማሪዎች ይህ ማጽናኛ ይሆናቸዋል ብዬ አምናለሁ። የዘዴው ፍሬ ነገር የምስልን ትናንሽ ክፍልፋዮች ወደ ድግግሞሽ መለወጥ ነው። ለስላሳው ለውጥ በጥቂት ቁጥሮች ይገለጣል፤ ዓይን የማይለየው ደቂቅ ዝርዝር ግን ይጣላል። በዚህ ላይ ሁለተኛ ብልሃት ተጨመረ። በተከታታይ ፍሬሞች መካከል የሚለወጠው ጥቂት ስለሆነ፣ ሙሉውን ምስል በየጊዜው አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦ በመካከል ያለውን በልዩነቱ መግለጽ ተቻለ።

በ1988 ሊዮናርዶ ኪያሪሊዮኔና ሂሮሺ ያሱዳ ያቋቋሙት ኤምፔግ የተባለው የባለሙያዎች ቡድን እነዚህን ብልሃቶች ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃ አመጣቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ቪዲዮን በሲዲ ላይ ለማኖር ታስቦ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት አካባቢ ላይ አነጣጠረ። ሁለተኛው፣ ኤምፔግ 2፣ የዲጂታል ቴሌቪዥንና በ1996 በጃፓን ለገበያ የቀረበው የዲቪዲ መሠረት ሆነ።

እዚህ ላይ ለንግግሬ ዋና የሆነውን ነጥብ ላንሣ። እነዚህ ደረጃዎች ምስልን እንዴት ማመቅ እንደሚገባ አይደነግጉም። የሚደነግጉት የታመቀው መረጃ ምን መልክ ሊኖረው እንደሚገባና ፈቺው መሣሪያ እንዴት እንደሚፈታው ነው። አማቂው እንደ ችሎታው ነጻ ነው፤ ፈቺው ግን በሕግ የታሰረ ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። አማቂዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ በየዓመቱም ሊሻሻሉ ይችላሉ። ፈቺዎቹ ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ተቀምጠው የሚኖሩ፣ ከተሸጡ በኋላ የማይለወጡ ዕቃዎች ነበሩ። ሕጉ የተጻፈው ከተቀባዩ ወገን ሆኖ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ በኤክስፖርቱ መስኮት ፊት ሲቀመጥ በእውነቱ የሚጠየቀው «ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሳይሆን «ወዲያ ማዶ ያለው ምን መፍታት ይችላል?» ተብሎ ነው።

ሦስት፦ ካሜራው ከደንበኛው የቀደመበት ዘመን

ከ2003 እስከ 2010 ያሉትን ዓመታት የግራ መጋባት ዘመን ብዬ እጠራቸዋለሁ። በ2003 የወጣው ኤች.ዲ.ቪ የተባለው ሥርዓት ኤችዲ ምስልን በርካሽ ትንሽ የዲጂታል ካሴት ላይ እንዲቀረጽ አደረገ። በ2006 ሶኒና ፓናሶኒክ ኤ.ቪ.ሲ.ኤች.ዲ የተባለውን አስከትለው ካሴቱን በማስታወሻ ካርድ ተኩት። የሠርግ ቀራጩም፣ የዶክመንተሪ ሠሪውም፣ የማስታወቂያ ባለሙያውም በአንድ ጊዜ የኤችዲ ባለቤት ሆነ።

ደንበኛውስ? ደንበኛው ቤት ያለው ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። በፓል አገር ዲቪዲ የሚይዘው 720 በ576 ነጥብ ብቻ ነው፤ ይህም ከሙሉ ኤችዲ ምስል አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ዲቪዲን ይተካሉ የተባሉት ሁለት ዲስኮች፣ ብሉሬይና ኤችዲ ዲቪዲ፣ ሁለቱም በ2006 ለገበያ ቀርበው እርስ በርስ ይጣሉ ጀመር። ቶሺባ በየካቲት 2008 ኤችዲ ዲቪዲን መተዉን እስኪያስታውቅ ድረስ ብዙ ገዢ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። በእኛ አገርም ቢሆን ከዲቪዲው ቀጥሎ የመጣው ተቀባይ አዲስ ዲስክ ሳይሆን ፍላሽ ዲስክና ሞባይል ስልክ ነው። ስለዚህ ለዓመታት በኤችዲ የተቀረጸው ሥራ በዲቪዲ ጠቦ ይሰጥ ነበር።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለፉ ሥራዎችን ዛሬ ስንከፍት የምናያቸው ጉድለቶች የዘመኑ ማኅተሞች ናቸው። ኤች.ዲ.ቪ ምስሉን በ1440 በ1080 ነጥብ ይቀርጽና ሲታይ ወደ 1920 ይዘረጋዋል፤ በኤክስፖርት ጊዜ ይህ ካልታሰበበት ሰዎቹ ቀጥነውና ረዝመው ይታያሉ። የአናሎግ ቴሌቪዥን ቅርስ የሆነው አሠራር ደግሞ አንዱን ፍሬም ለሁለት ይከፍላል፤ በመጀመሪያ ኢተጋማሽ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ተጋማሾቹ ይታያሉ። ለአሮጌው ቴሌቪዥን ይህ ተስማሚ ነበር። ሁሉንም መስመር በአንድ ጊዜ በሚያሳየው የኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ግን የሚንቀሳቀስ እጅ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ይታያል። የፍሬሙ ፍጥነትም አልተዋሐደም። ኤችዲ የመስመር ቁጥርን ልዩነት በ1080 አስታርቆ ሳለ፣ 25 እና 29.97 ግን እንደ ተለያዩ ቀሩ። ከአናሎጉ ዘመን ወርሰን ዛሬም የምንሸከመው የኤሌክትሪክ መስመር ታሪክ ነው።

ባለሙያዎች ለዚህ መልስ የሰጡት ሁለት ዓይነት ፋይል በመለየት ነው። አቪድ በ2004 ዲ.ኤን.ኤክስ.ኤች.ዲን፣ አፕል በ2007 ፕሮሬስን አወጡ። እነዚህ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚያምቁ፣ ለመቁረጥና ለማቀናበር የሚመቹ፣ በተደጋጋሚ ቢገለበጡም ብዙ የማይጎዱ ፎርማቶች ናቸው። ዋጋቸው መጠናቸው ነው። ፕሮሬስ 422 በሙሉ ኤችዲ በ29.97 ፍሬም በሰከንድ 147 ሜጋቢት ያህል ይፈጃል፤ አንድ ሰዓት ከ60 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። ይህን ለሠርግ ባለቤት መስጠት አይቻልም፤ ቢሰጥም ኮምፒዩተሩ ምናልባት አይከፍተውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ይሆናል። በዚህ መንገድ የሥራ ፋይልና የርክክብ ፋይል የሚባል ልዩነት በሙያው ውስጥ ተተከለ። የታሪኬ ማዕከል ይህ ልዩነት ነው።

አራት፦ አንዱ ፎርማት እንዴት አሸነፈ

ዛሬ «ኤምፒ4 አድርገህ ላክልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር ሁለት ነገሮችን ይደባልቃል፤ መለየቱ ታሪኩን ለመረዳት ይጠቅማል። ኤምፒ4 መያዣ ነው፤ ምስሉን፣ ድምፁንና የጊዜ ማውጫውን በአንድነት ያኖራል። በውስጡ ያለው ምስል የታመቀበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል። መሶቡ አንድ ሆኖ በውስጡ ጤፍም የዳጉሳም እንጀራ ሊቀመጥ እንደሚችል ነው። ደንበኛው «ኤምፒ4 ነው፤ ግን አይከፈትም» ሲል ብዙ ጊዜ ችግሩ መሶቡ ሳይሆን እንጀራው ነው።

መሶቡ የተወረሰው ከአፕል ነው። አፕል በ1991 ኩዊክታይምን ሲያወጣ የሠራውን የፋይል አደረጃጀት፣ ኤምፔግ ለኤምፒ4 መሠረት አድርጎ ወሰደው። እንጀራው ደግሞ በግንቦት 2003 የጸደቀው ኤች.264 ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ባለሙያዎች በጋራ ያዘጋጁት ሲሆን፣ ከኤምፔግ 2 ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል መጠን ተቀራራቢ ጥራት ይሰጣል።

ሆኖም ኤች.264 ያሸነፈው በጥራቱ ብቻ አይደለም። በ2005 የተመሠረተው ዩቲዩብ መጀመሪያ ቪዲዮ ያሳይ የነበረው በፍላሽ ማጫወቻ አማካይነት ነው። በ2007 አይፎን ሲወጣ ፍላሽን አልተቀበለም፤ ዩቲዩብም ቪዲዮዎቹን በኤች.264 እንደገና ማመቅ ጀመረ። ስቲቭ ጆብስ በሚያዝያ 2010 ፍላሽን የማይቀበልበትን ምክንያት በግልጽ ደብዳቤ አስታወቀ። የስልክ ባትሪ ትንሽ ስለሆነ ቪዲዮን በሶፍትዌር ብቻ መፍታት ያደክመዋል፤ ስለዚህ የኤች.264 ፈቺ በቺፕ ላይ ተቀረጸ። አንድ ፎርማት በሲሊኮን ላይ ከተጻፈ በኋላ እሱን ከዙፋኑ ማውረድ ከባድ ነው። ዳኛው እንደገና በተቀባዩ ኪስ ያለው መሣሪያ ሆነ።

የፓተንት ጉዳይም አለ። የኤች.264 ፓተንቶች የበርካታ ድርጅቶች ስለሆኑ ፈቺ ወይም አማቂ በብዛት የሚሠራ ይከፍልበታል። ጉግል በግንቦት 2010 ክፍያ የሌለበትን ዌብኤም የተባለ አማራጭ አቀረበ። ከሦስት ወር በኋላ የፓተንቶቹ አስተዳዳሪ በኢንተርኔት በነጻ ለሚታይ ቪዲዮ መቼም ክፍያ እንደማይጠይቅ አስታወቀ። ተተኪው ኤች.265 በ2013 ሲወጣ ግን ፈቃድ ሰጪዎቹ ከአንድ በላይ ሆነው ስለ ተከፋፈሉ ብዙዎች ሸሹት። በ2015 የተመሠረተ የኩባንያዎች ኅብረት በ2018 ኤ.ቪ.1 የተባለውን ነጻ ኮዴክ ይፋ አደረገ። ይህ ሁሉ ሆኖ የ2003ቱ ኤች.264 እስከ ዛሬ ድረስ የጋራ መግባቢያ ሆኖ ቀርቷል። ምርጥ ስለሆነ አይደለም፤ ሁሉም ቤት ስለሚገኝ ነው።

የአሮጌ ገደቦችን ዕድሜ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጨምር። ብዙው ፍላሽ ዲስክ የሚዘጋጀው በ1996 ወደ ዊንዶውስ በገባው ፋት32 በተባለ የአደረጃጀት ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሆነ ቪዲዮ ይህን ገደብ በ57 ደቂቃ ይሞላዋል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ሥራ ይዞ የመጣ ተማሪ ፍላሹ ላይ 16 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ «አልገለብጥም» ሲለው ግራ ይጋባል። ችግሩ የቦታ ሳይሆን የ1996 ውሳኔ ነው።

አምስት፦ የቀረው ቅጂና የጠፋው ሥራ

አሁን ወደ ክርክሬ ጭብጥ ልመለስ። ከርክክብ ቅጂ በቀር ምንም ሳይቀር ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ፣ በሁሉም ዘንድ የሚታወቅ አንድ ታሪክ አለ።

በሐምሌ 1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የጨረቃው ካሜራ የላከው ምስል 320 መስመርና በሰከንድ 10 ፍሬም የነበረው ልዩ ዓይነት ነው። ይህን ምስል በየቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ሊያሳየው አይችልም። ስለዚህ በአውስትራሊያና በካሊፎርኒያ ያሉት መቀበያ ጣቢያዎች ምስሉን በልዩ ስክሪን ላይ አሳዩት፤ ከስክሪኑ ፊትም የቴሌቪዥን ካሜራ አቁመው እንደገና ቀረጹት። ዓለም ያየው ይህን የርክክብ ቅጂ ነው፤ ከመነሻው ይልቅ የደበዘዘና ጥላው የጠቆረ። መነሻው ምልክት በመረጃ መቅረጫ ቴፖች ላይ ተመዝግቦ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ፍለጋ ሲደረግ አልተገኘም፤ ናሳም በ2009 ቴፖቹ ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ እንዳልቀሩ አስታወቀ። ያን ጊዜ የቴፕ እጥረት ነበር። በመጨረሻ ለእድሳት የዋሉት ከቴሌቪዥን ስርጭቱ የተረፉት ቅጂዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ማንም የክፋት ሥራ አልሠራም። መሐንዲሶቹ ለተቀባዩ የሚሆን ቅጂ ማዘጋጀታቸው ትክክል ነበር፤ ያን ባያደርጉ ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። ጉዳቱ የደረሰው ስርጭቱ ከተሳካ በኋላ «ሥራው ተጠናቋል» ተብሎ መነሻው እንደ ትርፍ ዕቃ ሲቆጠር ነው።

ይህ ታሪክ በትንሽ መጠን በየስቱዲዮው ይደገማል። ሃርድ ዲስክ ውድ ነው፤ ደንበኛው ከፍሎ ከሄደ በኋላ የሥራውን ፋይል ደምስሶ ለቀጣዩ ሠርግ ቦታ ማስለቀቅ የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። የሚቀረው ለስልክ የታመቀው ቅጂ ይሆናል። እሱም በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሲላክ እንደገና ይታመቃል፤ ከዚያ የተቀበለው ሰው ቆርጦ ሲልክ ለሦስተኛ ጊዜ። በየጊዜው የሚጣለው ዝርዝር አይመለስም። የተጣለን ዝርዝር ከቅጂው መልሶ ማውጣት ከተጠቀለለ እንጀራ ዱቄቱን መልሶ እንደ መፈለግ ነው።

የሥራ ፋይሉን መያዝም ብቻውን ዋስትና አይደለም። የኤዲቲንግ ፕሮጀክት ፋይል ምስል የለበትም፤ የት ቦታ ምን እንደ ተቆረጠ የሚናገር ትእዛዝ ብቻ ነው። ምስሎቹ ከተነጠሉ ወይም ፕሮግራሙ ከቀረ ባዶ ሰነድ ይሆናል። ኮዴኮችም ይሞታሉ። አፕል በ2016 ኩዊክታይምን በዊንዶውስ ላይ መደገፉን አቆመ፤ በ2019 ባወጣው የኮምፒዩተር ሥርዓት ደግሞ በ1990ዎቹ የተለመዱ ኮዴኮችን መፍታት ተወ። የፍላሽ ማጫወቻ ዕድሜ በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 አበቃ። በነጻ ፈቃድ የሚሰራጨው፣ ፋብሪስ ቤላር በ2000 የጀመረው ኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግ የተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ባይኖር ኖሮ ከእነዚህ ፋይሎች ብዙዎቹን ዛሬ መክፈት እጅግ ያዳግተን ነበር።

ስድስት፦ ከታሪኩ የሚከተለው

ከዚህ ሁሉ ለፊልምና ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የምለው አጭር ነው። ለደንበኛችሁ የሚከፈትለትን ስጡት። ከመጀመራችሁ በፊት በምን እንደሚያየው ጠይቁት፤ በስልክ ነው፣ በቴሌቪዥን ነው፣ በፕሮጀክተር ነው፣ ወይስ በጣቢያ ይተላለፍለታል? የተቀረጸበትን የፍሬም ፍጥነት ያለ ምክንያት አትለውጡ። መልሱን ካላወቃችሁ ኤች.264 በኤምፒ4 መያዣ ስጡት፤ የ20 ዓመት ታሪክ ከጀርባው አለ። ይህን ማድረግ ጥራትን መክዳት አይደለም፤ ተቀባዩን ማክበር ነው።

ነገር ግን ያን ቅጂ ስታወጡ ሌላም አውጡ። ፍሬሞቹ ለየብቻቸው የታመቁበትን፣ ከካሜራው ዝርዝር እምብዛም ያልተጣለበትን ዋና ቅጂ ለራሳችሁና ለሚመጣው ዘመን አስቀምጡ። በቤተ መዛግብት ዘንድ አንድም ዝርዝር ሳይጥል የሚያምቀው ኤፍ.ኤፍ.ቪ1 እየተለመደ መጥቷል፤ አፈታቱም በ2021 በይፋ ሰነድ ስለ ታተመ ማንም ድርጅት ቢዘጋ ከሰነዱ ተነሥቶ ፈቺውን እንደገና መሥራት ይቻላል። ሁለቱ ቅጂዎች ሁለት ተቀባዮች አሏቸው። አንደኛው ዛሬ ገንዘብ የሚከፍለው ደንበኛ ነው። ሁለተኛው ገና አልተወለደም።

ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ የምለው ይህ ነው። ባለፉት 20 ዓመታት የሀገራችን ሠርግ፣ ልቅሶ፣ ጥምቀት፣ መስቀል፣ የፖለቲካ ስብሰባና የመንደር ለቅሶ ቤት ሳይቀር በኤችዲ ተቀርጿል። ከዚህ በፊት የነበረ ትውልድ እንዲህ ያለ የምስል መዝገብ አልነበረውም። መዝገቡ ያለው ግን በአንድ ተቋም ውስጥ አይደለም፤ በግል ስቱዲዮዎች መደርደሪያ ላይ በተቀመጡ፣ በየዓመቱ ጥቂቶቹ መሥራት በሚያቆሙ ሃርድ ዲስኮች ውስጥ ነው። በፎቶ ቤቶች የቀሩ የፊልም ነጋቲቮችን ፈልጎ መሰብሰብ ለታሪክ ጥናት ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁላችንም እናውቃለን። የቪዲዮ ስቱዲዮዎችንም በር ማንኳኳት ይኖርብናል፤ ያውም ዲስኮቹ ሳይደመሰሱ። ስንሄድም የምንጠይቀው «ቪዲዮው አላችሁ?» ብለን ብቻ ሊሆን አይገባም። «ለደንበኛው ከሰጣችሁት ሌላ ምን ቀርቷል?» ማለትን እንልመድ።

አንድ ቪዲዮ በእጃችን ሲገባ የምናየው ምስል የተፈጸመው ድርጊት ብቻ አይደለም። ማን እንዲያየው እንደ ታሰበ፣ በምን መሣሪያ እንደሚያየው፣ ስለ እሱም ሲባል ምን እንደ ተጣለ ፋይሉ ራሱ ይነግረናል። የተጣለውን ማወቅ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው፤ እንዳይጣል ማድረግ ግን በዛሬው ባለሙያ እጅ ነው ያለው።